ድንጋዩን ማን ያንሳው

የጌትነት አባት በጻፉት ዝነኛ ልብወለድ ውስጥ ውቢት የምትባል ልጅ ትጠለፋለች። መጨረሻ ላይ ጠላፊዋ ድንጋይ ተሸክሞ አባቷ ፊት ይንበረከካል፤ አባትም ይቅር ብለው ድንጋዩን ከጫንቃው ያነሱለታል፤ እልል ተብሎ ሠርግ ይደገሳል። ውቢት በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ሀገር ያለቀሰበት መጽሐፍ ነው፤ ለማን እንደተለቀሰ ግን እግዜር ይወቀው።

የጎንደሯ መምህርት የትነበርሽ ይህንኑ ታሪክ በውቢት አፍ እንደገና ጻፈችው። በእሷ መጨረሻ ውቢት የአባቷን እጅ ይዛ «የተበደልኩት እኔ ነኝ» ትላለች። ፒያሳ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ይህን ምዕራፍ ለሰው ስታነብ ጌትነት ብድግ አለና ወረቀቱን ከእጇ መንትፎ ቀደደው። «ማንም ባለጌ በአባቴ ስም አይጫወትም» አለ።

በሳምንቱ ኮሶዬ፣ ወላጆቿ ቤት፣ ሽማግሌ አስከትሎ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። የትነበርሽ ተጠርታ ስትደርስ ነገሩ አልቆ ነበር፤ እሱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እሷም ያን ምዕራፍ ከመጽሐፉ ትሰርዛለች። እሷን የጠየቃት የለም። ደሟ ፈላ። አባቷ አያ ቢሻው ድንጋዩን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ የተቀደደው የአንቱ ወረቀት ነው?»

«ምነው ልጄ፣ ሽማግሌ ይከበራል እኮ።»

«ይከበራል። የተበደልኩት ግን እኔ ነኝ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የውቢት መሆኑ ትዝ ያላት። ጉልበት ሰጣት። ከቦርሳዋ በአዲስ ያተመችውን የምዕራፉን ቅጂ አወጣች።

«አንድ ፊደል አልሰርዝም። ድንጋዩን እኔ አነሳዋለሁ፣ ምዕራፉን ሰምቶ ሲጨርስ።»

ጌትነት ቀና ሊል ሞከረ፤ ድንጋዩ አላስቻለውም። ጥሎት ቢነሳ የሀገር መሳቂያ ይሆናል፤ ደግሞ መርጦ ያመጣው ራሱ ነው።

«ስንት ገጽ ነው?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ሰውአገኝ።

«አሥራ ሁለት ነው አያ።»

ጌትነት አቃሰተ። የትነበርሽ ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ የጓዳው መጋረጃ ገለጥ አለ። እናቷ ሽታዬ ነበሩ፤ ከኋላቸው የጎረቤት ሴቶች ተደርድረዋል። ሽታዬ ሽማግሌ በተቀመጠበት ተናግረው አያውቁም።

«ልጄ፣ ጮክ በይ» አሉ። «ወደ እኛ አይሰማም።»

የትነበርሽ ገጹን መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች።