በባዶ ሆድ የጠጣሁት

ጨጓራዬን አስቆርጬ ክብደት ለመቀነስ ሁለት ዓመት ወረፋ ጠብቄያለሁ። መቶ ሃያ አንድ ኪሎ ነኝ፤ ስኳሬ በኢንሱሊንም አልወርድ ብሏል፤ ዕድሜዬ ገና ሠላሳ አራት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከውጭ የሚመጣው በዓመት አንዴ ሲሆን፣ የዘንድሮው የመጨረሻ ቀኑ ዛሬ ነበር።

ለቀዶ ጥገናው ዝግጅት ለሁለት ሳምንት ከሾርባና ከወተት በቀር አልቀመስኩም። ካዛንቺስ ቢሮ ምሳ የምንበላው አራት ሆነን ከአንድ ትሪ ስለሆነ፣ «ስእለት አለብኝ» ብዬ ዋሸሁ። ጓደኛዬ ረውዳ «ሰገን፣ በሞቴ አንዲት ጉርሻ!» እያለች እጇን አፌ ላይ ስትደቅን፣ በአንድ አፍታ ጠላኋትም ወደድኳትም። አልጎረስኩላትም።

እናቴ መብርሂት ነገሩን ከመጀመሪያውም አልወደደችው። «ደህና አካልሽን ልታስቆራርጪ? መወፈር ሞት ነው እንዴ?» ስትል ከረመች። ዛሬ ጠዋት ግን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሊትር ሃይላንድ ጸበል ቀድታ መጣችና ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጠጪ ጓለይ፣ ጠጪ ልጄ፣ ቅዱስ ቂርቆስ ይጠብቅሽ» አለችኝ። አብራኝ በመምጣቷ ብቻ ደስ ብሎኝ ግማሹን ጨለጥኩት።

ክሊኒኩ ስንደርስ ነርሱ ሽሻይ ቅጹን ይዞ፣ «ከሌሊት ጀምሮ በአፍሽ የገባ ነገር አለ?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ አልዋሸሁም! ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ እኛ ቤት ከጠጣነውም በኋላ ሆዳችን ባዶ ነው።

ቀዶ ጥገና ክፍል አስገብተው አስተኙኝ። ማደንዘዣ ሰጪዋ ጭምብሉን አነሳች።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ። ውሃም ቢሆን አልጠጣሽም አይደል? ስትተኚ ከሆድሽ ወጥቶ ወደ ሳንባሽ ከገባ… ማለቴ፣ ሊገድልሽ ይችላል።»

ያኔ ነው ሆዴ ሲንቦጫረቅ የተሰማኝ። ብናገር ቀጠሮዬ ይሄዳል፤ ሌላ ዓመት መርፌ፣ ሌላ ዓመት ደረጃ ላይ ማለክለክ። እናቴም ልጇን ልትገድል እንደነበር ሊነገራት ነው። ጭምብሉ ወደ ፊቴ ቀረበ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ጸበል!» ብዬ ጮህኩ። «አንድ ሊትር ጸበል ጠጥቻለሁ!»

ሴትየዋ ጭምብሉን አስቀመጠች። ሐኪሙን አነጋግራ ተመለሰችና «ዛሬ አይሆንም፤ ሌሎች ወረፋ ላይ ናቸው፣ ሐኪሙ ደግሞ ማታ ወደ አገሩ ይበራል» አለችኝ።

እናቴን ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ላጽናናት ነበር የፈለግኩት።

«እማ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አላየችኝም። «አውቅ ነበር። ትናንት ከክሊኒኩ ሲደውሉልሽ ስልክሽን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ውሃ እንኳ ከቀመሰች ቀዶ ጥገናው ይሰረዛል አሉኝ።»

«ሊገድለኝ እንደሚችልስ? ባልናገር ኖሮስ እማ?»

ፊቷ አመድ መሰለ። ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እሱን አልነገሩኝም» አለች።

አንጀቴን በላችው። ግን አላነሳኋትም።