የበላቸው ጆሮ

ባሌ በላቸው ደንቆሮ አይደለም። ከሦስት ማሳ ወዲያ ላም ስታምጥ ይሰማል። ጎረቤት ቤት ጠላ ሲቀዳም ይሰማል። የማይሰማው እኔን ነው። ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነው። እኔ ስናገር ዝንብ ጆሮው ላይ ያረፈችበት ይመስል ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ወደ ሥራው ይመለሳል። ያንኑ ያልኩትን ነገር ዓመት ቆይቶ ወንድሙ፣ ወይም ቄሱ፣ ወይም ሬዲዮ ሲለው ደግሞ እየሮጠ ወደ ቤት ይዞልኝ ይመጣል። «እማዋይሽ፣ እንዲህ ነው አሉ» ይለኛል። እኔው የነገርኩትን ለእኔው።

ይኼን ችዬ ኖሬ ነበር። ወንድሙም ወንድሙ ነው፤ ቄሱም ቄስ ናቸው፤ ሬዲዮም ሬዲዮ ነው። ያልቻልኩት ሰብለ ወንጌል የምትባለዋን ልጅ ነው።

ሰብለ ወንጌል ወረታ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ሠራተኛ ናት። ኮምፒውተር ሲበላሽ የምትጠግን፣ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ቴሌግራም ላይ ሰው ሰብስባ፣ ማታ ማታ በድምጿ ስለ ስልክ አያያዝ ትመክራለች። አዲስ የወጣ ዕቃ ካለም ወሬውን ታወራለች። ወረታም ሆነ ገጠሩ ስልክ ያለው ሁሉ ይሰማታል። በላቸውም ኢርፎን ገዝቶ ይሰማታል። ሩዝ ሲያርም ይሰማታል፤ በሬ ሲያጠጣ ይሰማታል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የኔ ውዶች» ብላ ነው የምትጀምረው። የኔ ውዶች! ባሌን እኮ ነው! ድምጿ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ እንደሚሄድ ሚዶ ነው፤ የትም አይዝም። የኔ ድምፅ ከሩዝ ላይ ወፍ ሲያባርር የኖረ ድምፅ ነው። ሻክሯል።

በኛ አገር ስልክ ውኃ ሲገባበት ሩዝ ውስጥ ይቀበራል። ሩዝ ሞልቶ የለ። በላቸው ችግኝ ሲተክል ስልኩን ከሸሚዝ ኪሱ አያወጣም፤ ጎንበስ ሲል ጭቃው ውስጥ ጠብ። ከዚያ ከነጭቃው አምጥቶ ዘር ያስቀመጥኩበት ጎታ ውስጥ ይቀብረዋል። የወንድሙም ስልክ እንዲሁ፤ የጎረቤቱም እንዲሁ። ጎታዬ የስልክ ሐኪም ቤት ሆኖ ነበር። «ዘሬን ታሻግትብኛለህ፤ ለስልኩም ቢሆን አቧራው ይጨርሰዋል እንጂ አያድነውም» ስለው ስንት ክረምት አለፈ። ራሱን ነቅነቅ።

አንድ ቀን ያቺ ልጅ «የኔ ውዶች፣ ስልካችሁ ውኃ ከገባበት ቶሎ አጥፉት፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፤ ነፋስ ባለበት ይድረቅ። ሩዝ ውስጥ ግን አትቅበሩት፤ አቧራው ይገባበታል» አለች። በላቸው ዘሎ ተነሣ። እጁን እስከ ብብቱ ጎታው ውስጥ ከቶ የወንድሙን ስልክ ሲፈልግ አየሁት።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ሩዝ ውስጥ አይቀበርም እኮ!» አለኝ፤ እኔ የቀበርኩት ይመስል። «ሳይንስ ነው።»

«እኔ ስልህ የኖርኩት ምን ነበር?»

«አንቺማ ለዘርሽ ብለሽ ነው።»

ስልክ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ትራሱ ሥር ማስተኛቱን ስከለክለው አልሰማም፤ እሷ «ይሞቃል፣ ሊቃጠል ይችላል» ስትል በማግስቱ ስልኩ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል መልእክት የመጣለት ጊዜም «ማን ያውቅህና ይሸልምሃል?» ብዬው ተኮራረፍን። እሷ «ለማንም የሚስጥር ቁጥራችሁን አትስጡ» ስትል መልእክቱን አጠፋና የዳነ ሰው ሆኖ ዋለ። አንድ ጊዜ ደግሞ እንደ ነጠላ የሚታጠፍ ስልክ ወጣ ብላ አወራች፤ ለሳምንት ያንኑ ሲነግረኝ ሰነበተ። «የኔ ወገብ ከታጠፈ ስንት ዓመቱ ነው፤ እሱን ማን አወራልኝ?» አልኩት። አልሰማኝም፤ ኢርፎኑ ጆሮው ላይ ነበር።

ጎረቤቴ ሙናዬ ትስቅብኛለች። ባሏ የሞተባት፣ የአህያ ጋሪ ያላት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«ባልሽን ቴሌግራም ወሰደብሽ» ትለኛለች።

«ዝም በይ።»

«ኧረ አትቅኚ፤ ልጅቱ አይታውም አታውቅ። ለመሆኑ አያ በላቸውን ለምኑ ትፈልገዋለች ብለሽ ነው? ለጥርሱ?»

«ጥርሱ ምን ሆነ?» አልኳት። በላቸውን እኔ ብሰድበው እንጂ ሌላ ሰው ሲሰድበው አልወድም።

እንግዲህ ነገሩ የፈነዳው በሞተሩ ነው። ጉማራ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የምናጠጣበት የውኃ ሞተር አለን። የበጋ እንጀራችን እሱ ነው። በጋውን ሁሉ እዚያው ወንዙ አፋፍ ላይ፣ የላስቲክ ዳስ ሥር ይቆማል። ሰኔ ሲጋመስ «እናንሣው» አልኩት። «ዝናቡ ካቋረጠ ለሩዙ ችግኝ እፈልገዋለሁ» አለኝ። ሰኔ ከገባ በኋላ ጉማራ አይታመንም። እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ጉና ተራራ ላይ ከዘነበ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። ይኼን እሱም ያውቃል፤ ግን የተናገርኩት እኔ ነኛ! ደግሜ አልኩት፤ ሰልሼ አልኩት። በመጨረሻ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሰብለን ጠይቄያታለሁ፤ እስቲ የምትለውን እንስማ።»

ስለ ጉማራ! ከአዲስ አበባ የመጣችን ልጅ! የኔን ወንዝ!

በማግስቱ እሱ ወገቡን ሊታጠብ ከኛ ወደ ላይ፣ እዚያው ጉማራ ዳር ወዳለው ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደ። እኔ ደግሞ የደኅና ቀን ቀሚሴን ለብሼ መኪና ተሳፍሬ ወረታ ወረድኩ። ቁልፍ ተጭኜ የምደውልበት ትንሽ ስልክ አለችኝ፤ «ስልኬ ታማብኝ ነው» ብዬ ልገባ ነው ያሰብኩት። ከዚያ በኋላ ምን እንደምላት አላውቅም። ላያት ብቻ ፈለግሁ።

ከንፈሯን የቀባች፣ ፀጉሯን የለቀቀች ልጅ ነበር የጠበቅሁት። ኮምፒውተርና ሽቦ የተከመረበት ክፍል ውስጥ ያገኘሁት ሹራብ የደረበች፣ ጉንጯ በጥርስ ሕመም ያበጠ፣ የከሳች ልጅ ነው። ደስ አለኝ። አፏን ስትከፍት ግን ደስታዬ ጠፋ፤ ባበጠ ጉንጭም ያው ድምፅ ነው።

«ይግቡ እናቴ፣ ይቀመጡ።»

«እናትሽ እንኳ አይደለሁም» አልኳትና ተቀመጥኩ። ስልኬን አላወጣኋትም። «የበላቸው ሚስት ነኝ። የጉማራው።»

ልጅቱ ከወንበሯ ተነሣች። «ጋሽ በላቸው! እትዬ እማዋይሽ ነዎት እንዴ?»

«ስሜን ማን ነገረሽ?»

«እሳቸው ናቸዋ! ስለ እርስዎ ሳያነሡ የላኩት መልእክት የለም።» ስልኳን ወደኔ አዞረችው። «ይስሙ፣ የራስዎ ባል ናቸው።»

የበላቸው ድምፅ መጣ። «ልጄ ሰብለ፣ ባለቤቴ ስልክ ሩዝ ውስጥ አይቀበርም ትላለች፤ እውነት ነው ወይ?» ቀጥሎ፣ «ባለቤቴ ስልኩን ትራስህ ሥር አታድርግ ትላለች፤ እውነት ነው ወይ?» ቀጥሎ፣ ስለ ሽልማቱ፣ «ባለቤቴ ሌቦች ናቸው ትላለች።» ቀጥሎ፣ «ባለቤቴ በዝናብ ጊዜ ስልክ ኪስህ ከያዝህ መብረቅ ይጠራብሃል ትላለች።» ይኼኛውን ልጅቱ ውሸት ነው ብላ መልሳለት እየሳቀ የነገረኝን አልረሳሁትም። እኔ አሁንም አላመንኩም።

እስከዚያች ሰዓት የቀናሁት በልጅቱ ነበር። ለካ የምትናገረው የኔን ነው! ቃሌ ከቤቴ ተነሥቶ፣ ወረታ ደርሶ፣ በሷ አፍ ተሞሽሮ ሲመለስ ነው ባሌ የሚቀበለው። ይኼ ከፊተኛው ይብሳል። ሌላ ሴት የራሷን ነገር ብትነግረው እንኳ አንድ ነገር ነው።

«አልተቆጡም አይደል?» አለች፣ ፊቴን አይታ። «እኔ ጥያቄው ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ነው ለሁሉም የምናገረው። ሰው ደግሞ ይወደዋል።»

«ይወደዋል?»

«በጣም!»

ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ መለስኩ።

«የትናንትናውን ግን አልመለስኩላቸውም» አለችና የመጨረሻውን አሰማችኝ። «ልጄ፣ ባለቤቴ ሞተሩን ከወንዝ ዳር አንሣ ብላ ሰላም ነሥታኛለች። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ስለ ወንዝ ምን አውቃለሁ» አለች ሰብለ። «እርስዎ ይንሣ ካሉ አሁኑኑ ይንሣ ብዬ ልላክላቸው። አንድ ቃል ነው።»

አንድ ቃል ነበር። ብትልክ በላቸው ከፍል ውኃው ውስጥ ወጥቶ ለወንድሙ ይደውላል፤ ሞተሩም ይነሣል። አውቃለሁ። ግን የሚነሣው ለሷ ቃል ነው። የሚቀጥለውም ነገር በሷ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም በሷ።

«አትላኪ» አልኳት።

«ሞተሩስ ታዲያ?»

«ሞተሩ የኔም ነው። አንቺ ጥርስሽን ታከሚ።»

ወደ መኪና ስሄድ ቀና ብዬ ወደ ምሥራቅ አየሁ። ወረታ ፀሐይ ነው። ጉና ግን የለም፤ ጥቁር ደመና ውጦታል። ልመለስና «ላኪ» ልበላት ብዬ ቆምኩ። መኪናው ጡሩንባ ነፋ፤ ገባሁ።

ቤቴ አልገባሁም። ቀጥታ ሙናዬ ዘንድ ሄድኩ።

«አህያዋን ጥመጂ።»

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሞተር ልናመጣ ነው።»

«ያለ አያ በላቸው?»

«ያለ እሱ።»

ሙናዬ አፏ ክፉ ነው እንጂ እጇ ፈጣን ነው። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውኃው ገና ዝቅ ያለ ነበር፤ ቀለሙ ግን ቀልቷል፤ ገለባና አረፋ ይዞ ይወርዳል። ሞተሩ እንጨት ላይ በብሎን ታስሯል። የብሎኑን መፍቻ ያስቀመጠበትን በላቸው ብቻ ነው የሚያውቀው። «ከነእንጨቱ እናንሣው» አልኩ። ቱቦውን ከውኃው ጎትተን አወጣን። እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ ይዘን ስናነሣ ዋልካው ጭቃ ጫማዬን ነክሶ አስቀረው። ትቼው ሄድኩ። ሁለቴ ወደቅን። ሙናዬ አንዴ ስትወድቅ ተነሺ ብላት እየሳቀች እንቢ አለችኝ።

ጋሪው ላይ ስንጭነው ዞር ብዬ አየሁ። ውኃው ሽንኩርት ማጠቢያችን ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነበር።

«ቤትሽ ላራግፈው?» አለች ሙናዬ።

አሰብኩ። ግቢው ውስጥ ካየው «ደግ አደረጋችሁ፤ እኔም ላነሣው ነበር» ብሎ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል።

«አንቺ ቤት» አልኳት። «ምንጣፍ አልብሺው።»

ጀምበር ስትጠልቅ በላቸው መጣ። ወንዛዬ ሳለ ወንዙ ሲሞላ አይቶ እየሮጠ ወርዶ ኖሯል። ከወገቡ በታች ጭቃ ነው። ደጃፉን ተደግፎ ቆመ።

«ሄደ» አለ።

«ምኑ?»

«ሞተሩ። ወንዙ ወሰደው። አፋፉ ራሱ ተንዷል፤ የለም።»

አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ሙናዬ ቤት ነው» ልለው አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ነው እንዲህ ያለኝ፦

«ጠይቄያት ነበር እኮ። ሰብለን። አልመለሰችልኝም።»

አፌ ላይ የደረሰውን መልሼ ዋጥኩት።

«እኔንስ ጠይቀኸኝ ነበር?»

አንድ እግሩን አንሥቶ ጭቃ የያዘ ጫማውን አወለቀ።

«እኔ ሳትጠይቀኝ ነው የመለስኩልህ።»

«አንቺማ…» ብሎ ጀመረና ቆመ።

«አንቺማ ምን?»

ወደ መሬት አየ። «አንቺማ ብለሽ ነበር።»

ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው፤ ሲመጣ ግን አልበቃኝም።

«ቁጭ በል» አልኩት። ተቀመጠ። «ዛሬ የልጅቱ ቢሮ ነበርኩ። ባለቤቴ ትላለች፣ ባለቤቴ ትላለች ስትል ሰምቼሃለሁ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ክፉ ነገር አልተናገርኩም።»

«አልተናገርክም። የኔን ቃል ከሷ አፍ ካልሆነ የማትሰማው ለምንድን ነው?»

ጭቃውን ከጉልበቱ ፈቀፈቀ። «አንቺ ስትይው ስድብ ይመስለኛል» አለ። «እሷ ስትለው ምክር ነው።»

ይኼንንም ሰማሁ። ውሸት ነው አላልኩም።

«እሺ» አልኩት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «እንግዲያው ዛሬ ሳልሳደብ እነግርሃለሁ። አንተም ሳትነሣ ትሰማለህ።»

ከተጋባንበት ዓመት ጀመርኩ። የቤቱን በር ወደ ነፋስ መግቢያ አታዙረው ስለው ስላዞረው። አንገቷ ነጭ የነበረችውን ላም፣ ገና ትወልዳለች እያልኩት ስለ መሸጡ። እናቴ የሞተች ጊዜ «ዛሬን ብቻ አብረኸኝ እደር» ብዬው ከለቅሶው ተነሥቶ ስለ መሄዱ። እዚያ ላይ ቀና ብሎ አየኝ፤ ሊናገር ፈለገ። «ቆይ፣ አላበቃሁም» አልኩት። ስለ ጎታው፣ ስለ ትራሱ፣ ስለ ሽልማቱ፣ ስለ መብረቁም ጭምር ነገርኩት። ራሱን አልነቀነቀም። የቀረ ነገር እንዳለ ትንሽ አሰብኩ፤ ያስታወስኩትን ጨመርኩ።

ሞተሩ ያለበትን የነገርኩት መጨረሻ ላይ ነው።