የያዕቆብ ጭንቅላት

ታዬ በታላቅ ወንድሙ ቀንቶ ያረረው በስተርጅናው ነው። በአምሳ ስምንት ዓመቱ! በሀብት ቢቀና እንኳ አንድ ነገር ነበር። ሁለቱም ኩዌት ውስጥ ሃያ ዓመት በሰው ቤት የኖሩ ናቸው፤ እሱ ሚሽሪፍ በሚባል ሰፈር የአንዲት ማዳም ሹፌር፣ ያዕቆብ ሐዋሊ በሚባለው የሕንፃ ጥበቃ። የቀናው በጭንቅላቱ ነው።

ኮሮና መሰብሰብ ካስከለከለ ወዲህ የጸሎት ኅብረታቸው ዓርብ ዓርብ በዙም ሆኗል። ታዲያ ደንብ አላቸው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ በቃሉ የሚል ሰው ከወረቀት እንዳያነብ ዓይኑን ይጨፍናል። ያዕቆብ በስድሳ ስድስት ዓመቱ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር እንደ ውኃ ያወርደዋል። እኅት መቅደስ "ተባረክ አባቴ!" እያለች ታለቅሳለች። ታዬ ተራው ሲደርስ ስድስተኛው ቁጥር ላይ ምላሱ ይተሳሰርና "ኔትወርኩ ነው" ይላል። የምን ኔትወርክ! ረስቶት ነው እንጂ።

ፍርሃትም ነበረበት። እናታቸው የሞቱት የልጆቻቸውን ስም ረስተው ነው። የማዳም ልጅ ዙበይዳ ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ይህንኑ የመርሳት ሕመም ስለሆነ፣ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ጠየቃት።

"የማስታወስ ነገር በከፊል በዘር ይወረሳል" አለችው። "ግን ወንድማማች ብትሆኑም ለአንዱ የደረሰው ለሌላው ላይደርስ ይችላል። ቢደርስም የግድ ይታመማል ማለት አይደለም።"

ታዬ የሰማው ግማሹን ብቻ ነው። "አየህ!" አለ ለራሱ። "እሱ የአባባን ወስዶ ለእኔ የእማዬን ተወልኝ! ድሮም ጥሩ ጥሩውን መርጦ ነው የሚያነሳው።"

የትንሣኤ ሰሞን ደግሞ ኅብረቱ ያዕቆብን የቃሉ አስተማሪ ሊያደርገው ነው ተባለ። ታዬ አልቻለም። ዓርብ ዕለት፣ ሰዓት እላፊው ሳይገባ፣ ማዳምን አስፈቅዶ፣ ለያዕቆብ ሳይናገር ሐዋሊ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ያዕቆብ ስልኩ ፊት ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያወርደዋል። ካሜራው በማያየው ጆሮው ግን ኤርፎን ተሰክቷል፤ ሽቦው የሚመጣው ትራሱ ሥር ካለ ሌላ ስልክ ነው።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ታዬ ዘው ብሎ ገባና ኤርፎኑን መንጭቆ አዳመጠ። የራሱ የያዕቆብ ድምፅ ነው፤ ምዕራፉን ቁጥር በቁጥር ይላል።

"ጉድ! አንተ ሌባ!" አለ፤ ደስታው አላስቻለውም። "ዛሬውኑ ለኅብረቱ እናገራለሁ!"

ያዕቆብ አልተቆጣም። "አምና የቀዳሁት ነው። ያኔ አውቀው ነበር" አለ። "አሁን ሁለት ቁጥር አልሻገርም። ባለፈው ሰኞ የምጠብቀው ሕንፃ ጠፍቶኝ ሐዋሊን ስዞር ዋልኩ።"

"ታዲያ ለምን ዋሸህ?"

"ለአንተ ብዬ ነዋ! እኔም እንደ እማዬ መሆኔን ብታውቅ፣ ቀጣዩ እኔ ነኝ እያልክ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። እሱ ደህና ነው ብለህ ትጽናና ብዬ ነው።"

ታዬ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለ። ዓመት ሙሉ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር፣ "ጌታ ሆይ፣ ዛሬ እንኳ አንድ ቁጥር አስረሳው" እያለ ሲጸልይ ነበር።

"ጋሼ፣ ይቅር በለኝ" አለ።

"ምን አድርገህ?" አለ ያዕቆብ ግራ ገብቶት። ሌባ መባሉን ረስቶት ኖሯል።