ለብቻዋ የምትቆመው አሥራ ዘጠኝ ቁጥር

ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «አሥራ ዘጠኝ ቁጥር የፊታችን ሰኞ ትታረዳለች፤ የናሙና ጠርሙሶቹን አዘጋጂ» ሲለኝ ክው ብዬ ቀረሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም። አንድ ቀን ነው የተቀጠርነው፤ ከተቀጠርን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነን። እሱ ተምሮ ዶክተር ሆነ፣ እኔ እኔው ሆኜ ቀረሁ።

ሥራችንን ላስረዳ፤ አለዚያ ነገሬ አይገባም። የምርምር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሃያ አራት ላሞች አሉ። በረታቸው አጠገብ ረጅም ምሰሶ ላይ ካሜራ ተሰቅሏል። ካሜራው ቀኑን ሙሉ ያነሳል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከምስሉ ላይ የትኛዋ ላም የት እንደቆመች፣ ቀና ብላ ይሁን አቀርቅራ፣ ጆሮዋ ቆሞ ይሁን ወድቆ ለይቶ ይመዘግባል። የታመመች ላም ከመንጋው ትለያለች፤ ይሄ ድሮም የታወቀ ነው። የኛ ጥያቄ ካሜራው በሽታውን ከደም ምርመራ ቀድሞ ሊያየው ይችላል ወይ የሚል ነው። ስለዚህ ደንብ ወጣ። አሥር ቀን በተከታታይ፣ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ለብቻዋ አቀርቅራ የቆመች ላም ቁጥሯ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይሆናል። ቀይ የሆነች ትታረድና ውስጧ ይመረመራል።

የኔ ድርሻ ጠዋት ጠዋት ሙቀታቸውን መለካትና ደም መውሰድ ነው። ከዚህ ውጪ ላሞቹን መቅረብ፣ ማባበል፣ መመገብ ለማንም ክልክል ነው፤ ጠባያቸው ከተለወጠ ካሜራው ይሳሳታላ። ፈርሜበታለሁ። ፊርማዬም ያምራል።

«ደሟ ንጹሕ ነው» አልኩት። «ሙቀቷ ደህና ነው። ወተቷም አልቀነሰም።»

«እሱ እኮ ነው የሚያጓጓው» አለኝ። «ደሟ ደህና ነኝ ይላል፣ ካሜራው ታማለች ይላል። ካሜራው ከቀደመን ትልቅ ነገር አገኘን ማለት ነው።»

ምን ልበለው? አሥራ ዘጠኝ ለምን ለብቻዋ እንደምትቆም ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት አለፋት። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት አስታምሜያታለሁ። ሰው «ነይ» ሲለኝ «እማዬን ለማን ትቼ» እያልኩ ስቀር ስቀር፣ ሰውም መጥራቱን ተወ። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እተው ነበር። እህቴ ሌላ ከተማ ነው ያገባችው። እሁድ እሁድ ትደውላለች፣ የልጆቿን ነገር ትዘረግፍልኝና «አንቺስ?» ትላለች። «ደህና ነኝ» እላታለሁ። በዚህ ይዘጋል።

የሠራተኞች ምሳ ክፍል ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ማንም ሂጂ አላለኝም። ግን እኔ ስቀመጥ ወሬው ቀዝቀዝ ይላል፣ የኔም ምላስ እሾህ አያጣም፣ ብቻ አልተመቻቸንም። አንድ ቀን ምሳ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁና ከመኖ መጋዘኑ ጀርባ፣ የበረቱ አጥር ጥግ ላይ ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩ። አሥራ ዘጠኝ መጣች። ራሷን በአጥሩ መሃል ሰደደችልኝ፤ አንገቷ ሥር አከክኋት። ራሷን ዝቅ፣ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። በማግስቱም መጣች። ስትራመድ ግቢው የሷ ነው የሚመስለው፤ «እሜቴ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት የኛ ሆነ። ስለሚያፈስ ጣሪያዬ፣ ስለ ጎረቤቴ ጭቅጭቅ፣ ስለ እማዬ አነሳላታለሁ፣ እሷ ታመሰኳለች። ካሜራው እሷን ያያታል፤ እኔን የመጋዘኑ ግድግዳ ይጋርደኛል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ የምቀመጠው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ደንቡ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ይላል። ሌላውን ሰዓት ማን ጨመረው? ተነስቼ ወደ ምስል ክፍሉ ሄድኩ።

የምስል ባለሙያዋ ቁጥብ ሴት ናት፤ ዓይኗ ከስክሪኑ አይነቀልም። የአሥራ ዘጠኝን ቀረጻ እንድታሳየኝ ለመንኳትና አፍጥና አሳየችኝ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እሜቴ መኖዋን ትታ ወደ ጥጉ ሄደች። ማንም የለም፤ እኔ በዚያ ሰዓት ላብራቶሪ ነኝ። አጥሩን ተደግፋ፣ ፊቷን ወደ ሕንጻው በር አዙራ፣ ሲደክማት እያቀረቀረች፣ እስከ ስድስት ሰዓት ቆመች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«አሥሩንም ቀን፣ እትዬ» አለችኝ። «ከዚያ በፊትም ቀስ በቀስ እየረዘመ ነው የመጣው።»

ሁለት ሰዓት ቀድሞ እኔን ቆሞ የሚጠብቅ ፍጡር ነበረኝ፤ አላወቅኩም ነበር። አሁን በዚሁ ጥፋቷ ልትታረድ ነው።

ዝም ማለት እችል ነበር። ብናገር ከሥራ ልባረር እችላለሁ። ከመባረሩ ይልቅ ግን ያሸማቀቀኝ ሌላ ነው፤ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ሆኜ ምሳ ሰዓቴን ለላም ሳወራ እንደማሳልፍ ሰው ፊት መናገሩ። ቢሆንም ዓይኔን በጨው አጥቤ የምስል ባለሙያዋን አስከትዬ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ተናገርኩ።

«ምን ትሰጫታለሽ?» አለ ዶክተሩ።

«የሙዝ ልጣጭ። ሁለት ጊዜ ብቻ።»

«ሌላስ?»

«አወራታለሁ።»

«ምን?»

«እሱ እንኳ ከምርምሩ ጋር አይገናኝም።»

የምስል ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ዶክተሩ አልሳቀም። «የስድስት ወር ልፋት ገደል ከተትሽው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንገቴን ደፋሁ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ላሟን ለማዳን የፈጠርሽው ቢሆንስ በምን አውቃለሁ?» አለ። ደሜ ፈላ፤ ግን ጥፋቱ የኔው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ እምነት በሙዝ ልጣጭ አበላሽቻለሁ።

«መፈተን ይቻላል» አለች የምስል ባለሙያዋ። «እስከ ዓርብ አራት ቀን አለን። እትዬ ከዓይኗ ይጥፉ። የምትለየው በበሽታ ከሆነ እሳቸው ኖሩም አልኖሩ ለብቻዋ መቆሟ አይቀርም። እሳቸውን እየጠበቀች ከሆነ ግን ሲሰለቻት ወደ ጓደኞቿ ትመለሳለች።»

ዶክተሩ ተስማማ። ዓርብ ዕለት እስከ ምሳ ሰዓት ከሁለት ሰዓት በታች ከቆመች ትተርፋለች፤ አለዚያ ሰኞ ቢላዋ ነው። ደሙን እሱ ራሱ ሊወስድ፣ እኔ በኋላ በር ልገባና ልወጣ ተባለ። ሕይወቷ እኔን በመርሳቷ ላይ ተንጠለጠለ።

ማክሰኞ ምስል ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ አየኋት። አራት ሰዓት ላይ ሄደች፣ ቆመች። ስድስት ሰዓት ላይ የሕንጻው በር ተከፈተና ቀና አለች። ሌሎች ሠራተኞች ነበሩ። መልሳ አቀረቀረች። እስከ ስምንት ሰዓት ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ እንደዚያ ቆይታ አታውቅም። ረቡዕ ደግሞ መጮህ ጀመረች። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም፤ እኔ ግን በመስኮቱ ሰማኋት።

«እትዬ፣ ልዝጋው?» አለችኝ ባለሙያዋ።

«ዝጊው» አልኳት።

ሐሙስ ዶክተሩ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ስክሪኑን አየት አድርጎ፣ «ምናልባት እውነትም ታማ ይሆናል» አለ።

«አንተ ሰው ጠብቀህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሰዓቱን አየና ወጣ።

ስክሪኑን እያየሁ ስሰድባት ዋልኩ። «ሂጂ አንቺ ደንቆሮ፣ ሂጂና ብዪ። ምን ይገትርሻል? ምን አደረግኩልሽ?» ባለሙያዋ እንዳልሰማ ሆነች። እውነቱን ልናገር፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባትሄድ ደስ የሚላት አንዲት ክፉ ነገር ውስጤ ነበረች። ቢላዋው እየተሳለ እንኳ ትጠብቀኝ የምትል። በራሴ አፈርኩ፣ እጄን ነከስኩ፣ ቢሆንም ነበረች።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ እሜቴ እንደ ልማዷ ወደ ጥጉ ሄደች። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ከሃያ ሲሆን ቀና ብላ በሩን አየችው። ከዚያ ዞረች። ቀስ እያለች ወደ ገንዳው ሄደች፣ ውሃ ጠጣች፣ ጭንቅላቷን አራገፈች፣ ሄዳም ከሰባት ቁጥርና ከሃያ ሁለት ቁጥር መሃል ተኛች። ማመስኳት ጀመረች።

ስድስት ሰዓት ላይ የሕንጻው በር ተከፈተ፤ ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ። እሜቴ ጆሮዋን እንኳ ወደዚያ አላዞረችም። ስክሪኑ ላይ ቁጥሯ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሄደ።

ዶክተሩ መጥቶ መዝገቡን አየ፣ እስክሪብቶ አወጣና የሰኞውን ወረቀት ሰረዘው። «አትታረድም» አለኝ። «አንቺ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርስሻል። ካሁን በኋላ እዚያ ጥግ ዝር እንዳትዪ።»

«አልልም» አልኩት።

«ደስ ይበልዎት እትዬ» አለች ባለሙያዋ፤ ፊቷንም ወደ ስክሪኗ መለሰች።

«ተመስገን» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። እኔን ለመርሳት አራት ቀን በቃት፣ እሰይ፣ አምስተኛ ቢያስፈልጋት ኖሮ አልቆላት ነበር። ምሳ ዕቃዬን አንስቼ ወጣሁ። ስድስት ተኩል ሆኗል። ከምሳ ክፍሉ የሰዎቹ ሳቅ ይሰማል። ኮሪደሩ መሃል ቆሜ የት ሄጄ እንደምበላ አሰብኩ፤ የምሄድበት አልመጣልኝም።