የዴሊያ የወይን ግረዛ ፈተና
«እኔ ያስተማርኩት ድንጋይም ይገባዋል» ትል ነበር ቻንቴል፤ ጉራዋ አይጣል ነው። እሑድ ዕለት ታላቅ እህቷን ዴሊያን በደቡብ አፍሪካ ፓርል ወደምትሠራበት የወይን እርሻ ወስዳ፣ ከየቅርንጫፉ ሁለት እንቡጥ እያስቀሩ መግረዝ አስተማረቻት። ዴሊያም እስኪመሽ አንድም አልሳተች። ሰኞ የእርሻው አለቃ ሊቀጥራት ሲፈትናት ግን ቅርንጫፉን ሁሉ ከሥሩ መለመለችው፤ ሥራውም ቀረባት።

«ሆን ብለሽ ነው አይደል? አንቺ ሰነፍ» አለች ቻንቴል።

«ትናንት አውቀው ነበርኮ» አለች ዴሊያ።

እናታቸው ልብስ ከምታጥብበት ቀና አለች። «ተያት። እሷን አርግዤ ሳለ እርሻው የደሞዛችንን ግማሽ በወይን ጠጅ ነበር የሚከፍለን፤ እጠጣ ነበር። አእምሮዋ ገና በሆዴ ሲሠራ ነው የጎዳሁት፤ ዛሬ የያዘችው ነገ የሚጠፋባት ለዚህ ነው፤ የጤና ጣቢያው ነርስ ነግራኛለች።»

«እኔስ ታዲያ እንዴት ጎበዝ ሆንኩ?»

«አንቺን ሳረግዝ ትቼው ነበራ። ምኑ ያኮራሻል?»