የኤልናታን ባለ ሦስት ጎማ

ሮዳስ የጋሪውን ወሬ ይዛ የመጣች ዕለት ኤልናታን ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሆን ብዬ ነው። ልጁ ማን ላይ እንደሚተኛ ግቢው ሁሉ ያውቃል። እናቱ እሹሩሩ ብትለው፣ አባቱ ቢያንጎራጉርለት፣ አልጋ ላይ ዓይኑን እንደ ጉጉት አፍጥጦ ጣራ ነው የሚያየው። እኔ ማዘያዬን ትከሻዬ ላይ ጣል ሳደርግ ግን ካለበት ሆኖ ሁለት እጁን ያነሳል። አዝዬው እስከ ቦኖው ሁለቴ ደርሼ ሳልመለስ ጭንቅላቱ ጀርባዬ ላይ ድፍት ይላል።

ኤልናታን የእህቴ የሰላማዊት ልጅ ነው። ዘጠኝ ወሩ ነው። እኔ ሐዳሳ እባላለሁ፤ ከሀገሬ ከለኩ የመጣሁት እሱ በተወለደ በአሥራ አምስት ቀኑ ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ላይ አቁሜው ነበርና እህቴ፣ ልጁን ጠንከር እስኪል ያዥልኝ፣ ከዚያ ማታ ትማሪያለሽ ብላ አመጣችኝ። የማታውን ነገር እሷም ረሳችው፣ እኔም አላስታወስኳትም። ምን ላድርግ፣ ልጁ አስረሳኝ። በፍቼ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ ጊዜ ሁለት ወሩ ነበር። አዝዬው በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሄድኩ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ እየዘለለ እየጨፈረ፣ አቧራው እየቦነነ፣ እሱ ጀርባዬ ላይ ለሽ አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው የኔ ልጅ። የእህቴ ልጅ ማለቴ ነው።

ሮዳስ የእህቴ ባል የካሌብ እህት ናት። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነች፤ ዶርም ታድርና ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሷን ልታጥብ እኛ ቤት ትመጣለች። ልታጥብ ይባላል እንጂ የማጥበው እኔ ነኝ፤ በዚያ ጥፍር ምን ይታጠባል? እሱስ ግድ የለም። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ገና ከበር ሆና "ኤልዬ!" ስትለው ይስቅላታል። ድዱ እስኪታይ። ለኔ አይስቅም አላልኩም፤ ግን ቢስቅስ በየት አየዋለሁ፣ ያለው ከኋላዬ ነው።

ያን ዕለት ስልኳን አውጥታ ለእህቴ የሕፃን ጋሪ ታሳያት ጀመር። ልጅ ሲታዘል እግሩ ይወላገዳል፣ አዲስ አበባ አሁን ማንም አያዝልም፣ ሐዋሳ የመሰለ ለጥ ያለ ከተማ ይዞ ጋሪ አለመግዛት ኃጢአት ነው አለች። እኔ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ሁለቱን እግሮቼን አሳየኋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ታዝዬ አድጌያለሁ፣ የቱ ጋ ነው የተወላገደው ብዬ ጠየቅኩ።

"ያንቺስ ምላስሽ ነው የተወላገደው" አለች እህቴ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥርስ ባዳ ነው። ሆዴ ግን ገብቶታል። ጋሪው ከመጣ ልጁን ከጀርባዬ ያወርዱብኛል። ከጀርባዬ ከወረደ ደግሞ ማንም ይገፋዋል። ጥፍር ያላትም።

ማታ ለካሌብ ተነገረውና ወዲያው እሺ አለ። እህቱ የጠየቀችውን እምቢ ብሎ አያውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኛ ሦስታችን ሄደን እንድንመርጥ ተባለ። እህቴ "ጌታ ያሳየንን እናመጣለን" አለች። እኔ ደግሞ ጌታ ምንም እንዳያሳያቸው ሳምንቱን ሙሉ ጸለይኩ።

ሱቁ ባህል አዳራሽ አካባቢ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ከድር ይባላሉ፤ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ረጋ ያሉ ሰውዬ ናቸው። የልጅ አልጋ፣ የልጅ ገንዳ፣ የልጅ ምን የማይሉት የለም። ከበሩ አጠገብ ሦስት ጋሪ ደርድረዋል። አንዱ ሰማያዊ፣ አራት ትንንሽ ጎማ ያለው። አንዱ ግራጫ፣ ሲጫኑት ዘፈን የሚዘፍን። ሦስተኛው ጥቁር፣ ጎማው እንደ ብስክሌት ንፋስ የሚሞላ፣ ከፊት አንድ ከኋላ ሁለት። ፈረሱስ የታለ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ከድር ፈገግ አሉ፤ ሮዳስ ግን በዓይኗ ገላመጠችኝ።

እህቴ ኤልናታንን ከጀርባዬ አወረደችውና ሰማያዊው ላይ አስቀመጠችው። ዝም አለ። ቀበቶውን ጎትቶ አፉ ውስጥ ከተተው፤ ደስ ያለው መሰለ። ሮዳስ ስልኳን ደቀነችበት። እኔ ምን አደረግኩ? ምንም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ማዘያዬን ከትከሻዬ ሳብ አድርጌ ዘረጋሁት። እንደማራግፍ ሆኜ። እሱ ግን አየኝ። ሁለት እጁን አንስቶ ጩኸቱን አቀለጠው።

ቀለሙ አስፈራው አለች ሮዳስ። ግራጫው ላይ አስቀመጡት። ዘፈኑም ተከፈተ። ማዘያዬን ሳብ፣ ዘርጋ፤ እጁ ወደ ላይ፣ ለቅሶ። ድምፁ አስደነገጠው ተባለ። ባለ ሦስት ጎማው ላይም ያው። በዚህኛው ምን እንደሚሉ ስጠብቅ ሮዳስ ሰው ስለበዛበት ነው አለች። ለሁሉም ምክንያት አላት፤ ሦስተኛ ዓመት ነች እኮ።

እህቴ ሲጮህ ሆዷ አይችልም። "በቃ ይቅር መሰለኝ፤ ልጁ አልፈለገውም" አለች። ልቤ ውስጥ ፍቼ ሆነ።

ጋሽ ከድር ግን ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ዘወር ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ያጋልጡኛል ብዬ ማዘያዬን ጠቅለል አደረግኩት። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ፣ "ልጄ፣ እጅሽ እንዳይደክም ማዘያሽን ወንበሩ ላይ አኑሪው" አሉኝ።

አኖርኩት።

ከዚያ ለነእህቴ፣ ጋሪ ሱቅ ውስጥ ሴራሚክ ላይ አይፈተንም፣ ወደምትገፉበት መንገድ ይውጣ አሏቸው። የእኛ ሰፈር አዲስ ከተማ ከዋናው አስፋልት ገባ ሲሉ ኮብልስቶን ነው፤ የሱቁም በር ላይ እንደዚያው። መጀመሪያ ሰማያዊውን ባዶውን አወጡት። ሮዳስ ገፋችው፤ አራት እርምጃ ሳትሄድ የፊት ጎማው ድንጋይና ድንጋይ መሀል ገብቶ ቀጥ አለ። እሷ ግን አልቆመችም፣ ከነጥፍሯ ላዩ ላይ ተደፋች። ጌታ ጸሎቴን በግማሹ ሰማኝ ማለት ነው።

ቀጥሎ ባለ ሦስት ጎማው ወጣ፣ ኤልናታንን ይዞ። አሁንም እየነፈረቀ ነበር። ሮዳስ ገፋችው። ጎማው ድንጋዩን እየረገጠ ድግ፣ ድግ፣ ድግ ይላል። አካሄዱን አወቅኩት። እኔ ወደ ቦኖው ስሄድ፣ እንዲተኛልኝ ብዬ ተረከዜን እየጣልኩ የምረግጠው አረጋገጥ ነው። ልቅሶው ወደ ማላዘን ወረደ። ከዚያ እህ እህ ብቻ ሆነ። ሁለት ሱቅ አልፈው ሲመለሱ ዓይኑ መስለምለም ጀምሯል።

ሮጬ ገባሁ፤ ማዘያዬን ከወንበሩ አንስቼ ወጣሁ፤ ፊቱ ቆሜ ዘረጋሁለት። ያኔ ማን ያየኛል ማንስ ይታዘበኛል አላልኩም። ኤልናታን ማዘያውን አየው። እጁን እስከ ግማሽ አነሳ። ከዚያ እጁ ወደቀና ተኛ።

ጎማ በለጠኝ።

እህቴ "ሐዱ፣ ፀሐይ እንዳይመታው ነው? ጎበዝ" ብላ ማዘያዬን ከእጄ ወስዳ ጋሪው ላይ አለበሰችው።

ጋሽ ከድር ዕቃውን ሲያስረክቡ አጠቃቀሙን ለሮዳስ አስረዷት። እሷ ሱቁ ፊት ፎቶ ስታነሳ ደግሞ ወደኔ ዞረው፣ እዚህና እዚህ ሲጫኑት ወንበሩ ይዞራል፣ ልጁ ወይ ወደ መንገዱ ወይ ወደሚገፋው ሰው ያያል አሉኝ። እንዳልሰማሁ ሆኜ ቆምኩ። እሳቸውም እንዳላወቁብኝ ሆነው ቆመው ጠበቁኝና፣ "እኔም ስድስት አሳድጌያለሁ። ጀርባ ላይ የቀረ የለም፤ ሁሉም ይወርዳል" አሉ።

"የእርስዎ በእግራቸው ነው የወረዱት፣ ጋሽ ከድር። የኔን እኮ በጎማ ነው የወሰዱብኝ" አልኳቸው።

ሳቁ። ግን አላጋለጡኝም፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ወደ ቤት ሮዳስ እየገፋች፣ እኔ የዳይፐሩን ቦርሳ ተሸክሜ ከኋላ። ልጁን ወደ መንገዱ አዙራዋለች፣ ከተማውን ይይ ብላ። ነቃና ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይስቅለታል። አንድ ባለ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ "አለቃ፣ አንተም ባለ ሦስት ነህ፣ ተራህን ጠብቅ!" አለው። ለእሱም ሳቀለት። ለባለ ባጃጅ! እኔ ጀርባዬ ቀሎኝ ነበር፤ መቅለሉ ደግሞ እንደ ሕመም ነው፣ ልብሴን ደጋግሜ ወደ ታች እጎትታለሁ፣ የሆነ ነገር የወደቀብኝ ይመስለኛል።

ሰኞ እነእህቴ ሥራ ሄዱ። ሮዳስ ዶርሟ ናት። ቤቱ ውስጥ እኔ፣ ኤልናታንና ባለ ሦስት ጎማው ቀረን። ተያየን። ኤልናታንን ጥብቅ አድርጌ አዘልኩ፣ ጋሪውን ግን ገዝተውት የለ፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብዬ ገበያ ይዤው ወጣሁ። ጥቅል ጎመን ገዛሁ፣ ሽንኩርት፣ ድንች፤ ሁሉንም ወንበሩ ላይ ደረደርኩና ቀበቶ አሰርኩላቸው።

አትክልት የሚሸጡት እትዬ ብርቅዬ ሲያዩኝ ሚዛናቸውን አስቀመጡ።

"ምነው ልጄ፣ ጎመኑ በመኪና፣ ልጁ በእግር?"

"የጎመኑ እግር እንዳይወላገድ ነው፣ እትዬ ብርቅዬ።"

ተራው ሁሉ ሳቀ። እየሳቁ ቲማቲም መረቁልኝ። ኮራሁ፤ እንደተጫነ ጎማውን ድግ ድግ እያስባልኩ ወደ ሰፈር ታጠፍኩ። አየህ ኤልዬ፣ አንተና እኔ እዚህ፣ ሽንኩርቱ እዚያ እያልኩ አወራዋለሁ።

እሱ ግን አርፎ አልታዘለም። መጀመሪያ ተወራጨ። ከዚያ በትከሻዬ በኩል አንገቱን አስግጎ ወደ ፊት ማየት ጀመረ። ወደ ግራ ስገፋው በቀኝ ብቅ ይላል። በመጨረሻ ሁለት እጁን በጆሮዬ አጠገብ አሳልፎ ወደ ጋሪው ዘረጋ። ያንኑ እጅ። ማዘያ ሲያይ የሚያነሳውን።

ቆምኩ። የሰው አጥር ጥግ፣ ጥላ ላይ። ትንሽ ድርቅ አልኩ፣ ተው አልኩት፣ እሹሩሩ አልኩት፣ ተረከዜን መታሁለት። እጁን አላጠፈም። ከዘጠኝ ወር በኋላ ልጁ ወደየት መሄድ እንደሚፈልግ በጣቱ እያሳየኝ፣ እኔ አላየሁም ልበል?

አወረድኩት። ድንቹን፣ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ከታች ባለው መረብ ውስጥ ከተትኩ። ጥቅል ጎመኑ አልገባም አለኝ፤ ትልቅ ነበር። እንግዲህ ማዘያዬ ባዶውን ነው፣ ጀርባዬም ባዶውን ነው፤ ጎመኑን አዘልኩት። ልክ እንደ ልጅ ከስር ደገፍ አድርጌ፣ ፊት ለፊት ቋጥሬ።

ልጁን ወንበሩ ላይ አስሬ መግፋት ጀመርኩ። ኤልናታን ዝም አለ፤ ደስ ብሎታል። እኔ ግን የሚታየኝ ባርኔጣው ብቻ ነው። ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶታል። ከፊት ለመጣ ሰው፣ ለሸንኮራ ሻጩ፣ ለውሻው ሳይቀር ይሰጣል፤ ለኔ የቀረችኝ የባርኔጣው ቁልፍ ናት። ለምን? ማን ሆነና ነው መንገዱ? በመንገዱ ቀናሁ፣ እውነቴን ነው። ጋሪውን አቆምኩ፤ ጋሽ ከድር እዚህና እዚህ ያሉት ትዝ አለኝ። ያልሰማሁ መስዬ ሰምቼ ነበር። ሁለቱን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ወንበሩን ከነልጁ ወደኔ አዞርኩት።

አየኝ። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንደሚያጣራ፣ ፀጉሬን፣ አፍንጫዬን። ከዚያ በትከሻዬ በኩል ብቅ ያለውን ጎመን አየና በሳቅ ፈረሰ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ከታች ካሉት ከሁለቱ ሌላ፣ ከላይ በግራ በኩል፣ ሩዝ የምታክል ነጭ ጥርስ ድዱን ቀዳ ወጥታለች። ማንም አላያትም፣ እናቱም። መንገዱም አላያትም።

እስከ ቤት ፊት ለፊት እየተያየን ሄድን። አንዴ ከቦዩ ጠርዝ ጋር ተጋጨሁ፣ መንገዱን ስለማላይ።

ቅዳሜ ሮዳስ መጣች። ገና ስትገባ ጋሪውን አይታ ማን ነው ያዞረው አለች፤ እኔም እንዲህ ነው ሲያድር የሚሆነው፣ ጎማው ነው አልኳት። አመነችኝ መሰለኝ፤ ሦስተኛ ዓመት ብትሆንም። ወደ መንገዱ መልሳ አዞረችውና ይዛው ወጣች። ስትመለስ ማዞሬ አይቀርም፤ እሷ ቅዳሜ አላት፣ እኔ ስድስት ቀን አለኝ።

ብዙም አልቆየች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከግቢው በር ጀምሮ ወንድሟንና እህቴን በስማቸው እየተጣራች ተመለሰች። ኤልናታንን አቅፋ አፉን በጣቷ ከፍታ፣ የዓለም ዜና እንደያዘች፣ "ኑ እዩ፣ ከላይ ጥርስ አወጣ! እኔ ነኝ ያየሁት!" ትላለች።

እኔ ጓሮ ሆኜ የእሷን ሸሚዝ እያጠብኩ ነበር። እጄን ከአረፋው ሳላወጣ፣

"በግራ በኩል ያለችውን ነው?" አልኳት። "እሷማ ሰኞ ነው የወጣችው።"