የመቃብር ጎረቤት

በታኔ ከተማ ምኩራብ አዳራሽ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ በምሳ ሰዓት፣ ለትልልቅ ሰዎች ትምህርት ይሰጣል። ለትምህርቱ ብሎ የመጣ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሰው የሚመጣው በኮኮናት ወተት ለሚሠራው የዓሣ ወጥ ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ አብኔርም ይህንን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ድስቶቹን ከተናጋሪው ጀርባ ይደረድርና ክዳናቸውን ገጥሞ፣ የመጨረሻው ጥያቄ እስኪመለስ ድረስ ማንም እንዳይነካቸው ያዛል። የታኔ አይሁድ ስለ ሙሴና ስለ ነቢያት የሚያውቁትን ሁሉ የተማሩት ምራቃቸውን እየዋጡ ነው።

ሌላም ደንብ አለ። የወሩን ምሳ የሚያበላ ሰው ርእሱን ይመርጣል። የሚያበላው ብዙውን ጊዜ ሟች ያለው ነውና ትምህርቱ ዞሮ ዞሮ ሟቹን ማሞገሻ ይሆናል። አምና አንዱ ነጋዴ አባቱን ለማስታወስ ብሎ «ሐቀኛ ሚዛን በኦሪት» የሚል ትምህርት አሰጥቶ ነበር። ከአባትየው ሱቅ ስኳር ሲገዙ የኖሩ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ሰሙ፣ ዓሣቸውን በሉ፣ እግዜር ይማረው ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

የዚህ ወር ተራ የሚልካ ነው። በአክብሮት ሲጠሯት ሚልካባይ ይሏታል። ባሏ ሺምሾን ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሺምሾን የምኩራቡ ጸሎት መሪ ነበር፤ በማስተስረያ ቀን ድምፁን ለቀቅ ሲያደርገው እንኳን ምእመኑ፣ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ ሳይቀር ደጅ ቆሞ አልቅሷል ይባላል። ያ ድምፅ ግን ቤት ሲገባ ከጫማው ጋር በረንዳ ላይ ይቀር ነበር። ቤት ውስጥ የሚሰማው «ጨው በዛ»፣ «በሩን ዝጊ»፣ «ዛሬም ይኼንኑ ነው የለበስሽው?» ነው። የሚልካ እናት ፔን በምትባል ከተማ ስታጣጥር እንኳን፣ የፋሲካ እንግዳ አለብኝ ብሎ አላስሄዳትም። ሚልካ ለእንግዶቹ ሩዝ ስትቀቅል እናቷ ተቀበረች። ይህንን ይቅር አላለችም፤ ለማለትም አልሞከረችም።

አሁን ያስቸገራት ግን ሟቹ ሳይሆን ድንጋዩ ነው። አብኔር ለታላቅ ወንድሙ ለሺምሾን ያሠራው የመቃብር ድንጋይ ለሁለት የሚሆን ሰፊ እብነ በረድ ነው። በግራ በኩል ሺምሾን ከነምስጋናው ተጽፏል። በቀኝ በኩል የሚልካ ስምና የተወለደችበት ዓመት ተቀርጿል፤ የቀረው የምትሞትበት ቀን ብቻ ነው። መቃብሩን ልትጠርግ በሄደች ቁጥር ያ ባዶ ቦታ «ምን ትጠብቂያለሽ?» የሚላት ይመስላታል። ሁለት ጊዜ አብኔርን ከዚያ አንሣኝ፣ ሌላ ቦታ ስጠኝ ብላ ለመነችው፤ የመቃብሩም ኃላፊ እሱው ነውና። በመጀመሪያው ሳቀ። በሁለተኛው ተቆጣና፣ ሊቅ ካልፈቀደ በቀር ድንጋይ አልነካም አለ። እሷም እንግዲያው ሊቅ ይምጣ ብላ ምሳ ልታበላ ተነሣች። ቢሳካላት ለነቢዩ ኤልያስ ማሊዳ፣ ያንን በኮኮናትና በፍራፍሬ የተለወሰ ሩዝ፣ ልታቀርብ ስለት ተሳለች።

ርእሷን «ከማን ጎን እንቀበር?» ብላ ሰጠች። አብኔር ሲሰማ እንባው መጣ። ሴትዮዋ በመጨረሻ ልቧ ተመልሶ ባሏን ናፍቃለች ብሎ አሰበ፤ አስቦም አልቀረ፣ ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት እንባውን እየጠረገ አወራው። ስለዚህ የዚያን እሑድ ሰዉ መሐረቡን ይዞ፣ ሊያለቅስ ተዘጋጅቶ መጣ።

ተናጋሪው ነሂምያ ከፑኔ በባቡር የመጣ ቀጭን ወጣት ነው፤ ጢሙ ይብቀል አይብቀል ገና አልወሰነም። አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆን ዋሻ እንዴት እንደገዛ ተናገረ፣ ያዕቆብ ከግብፅ ድረስ ተሸክማችሁ ወስዳችሁ ቅበሩኝ እንዳለ ተናገረ። ሴቶቹ መሐረባቸውን ዘረጉ። የወጡ ሽታ ግን ከክዳኑ ሥር እያመለጠ ያዕቆብን ግብፅ ሳይደርስ አስቀረው።

«ጥያቄ ያለው?» አለ ነሂምያ።

እዚህ ላይ ሁሉም ዝም ማለት ልማድ ነው። የሚጠይቅ ሰው የሌላውን ዓሣ እንደሚያዘገይ ያውቃል። ሚልካ እጇን አወጣች።

«ልጄ፣ ባልና ሚስት የግድ ጎን ለጎን ነው የሚቀበሩት?»

«ልማዱ እንደዚያ ነው፣ አክስቴ። ብቻ…»

«ብቻ ምን?»

«በሕይወት ሳሉ ጠላቶች የነበሩ ሰዎች ጎን ለጎን አይቀበሩም። በሕግ መጽሐፋችን አለ። ሞተውም ቢሆን ዕረፍት አያገኙም ይላል።»

«ተባረክ» አለች ሚልካ። ከዚያ ዞር ብላ፣ «በል አብኔር፣ ሊቅ ካልፈቀደ አላልክም? መጣልህ። ድንጋዩን አንሣልኝ።»

አብኔር ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ቫሂኒ» አላት፤ የታላቅ ወንድም ሚስት የምትጠራው እንዲህ ነው። «ይኼ እኮ ለተጋደሉ፣ ደም ለተቃቡ ሰዎች ነው። እርስዎን ምን አገናኘዎት?»

«የአንተ ወንድም ነዋ ያገናኘኝ።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ዲናባይ የሳሪዋን ጫፍ ጎተተቻት። «ተቀመጪ እንጂ አንቺ ሴትዮ። ዓሣው እኮ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ይቀዝቅዝ።»

በዚያ አዳራሽ እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም።

«ሲታመም በእጅዎ ሲያጎርሱት በዓይኔ አይቻለሁ» አለ አብኔር፣ ድምፁ ከፍ እያለ። «ይኼ ሁሉ ሰው አይቷል። አሁን ጠላቴ ነበር ቢሉ ማን ያምንዎታል?»

«ሐኪሙ አጉርሺው አለኝ፣ አጎረስኩት። ውደጂው አላለኝም።»

ከኋላ አንዱ ሳቀና በሳል አስመሰለው።

«ምስክር አለዎት?»

«አለኝ። አንተ።»

«እኔ?»

«እኛንና አንተን የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ለእናቴ ልድረስላት ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ስለምነው ሰምተሃል። ያን ለት ሬዲዮህን ከፍ ያደረግከው ዘፈኑ ጥሞህ ነው?»

አብኔር ወደ ድስቶቹ አየ፤ ከእነሱም እርዳታ አላገኘም። አንገቱን በመሐረቡ ጠረገ። እዚያው ላይ ታምሜያለሁ ብሎ ቢወጣ ይችል ነበር፤ ሰውዬው ግን ግትር ይሁን እንጂ ውሸታም አልነበረም።

«ይኼን ነገር ለማንም ሳልናገር ልሞት ነበር ሐሳቤ» አለ። «ልጃችሁ የሩሻ ባገባችበት ዓመት ነው። ሠርጉ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ መቃብር ቦታው ድረስ ይዞኝ ሄደ። መጨረሻው ጋ፣ አጥሩ ጥግ፣ ዛፎቹ ሥር ወሰደኝና እኔን እዚህ ቅበረኝ አለኝ። ሚስቴን ደስ ባለህ ቦታ፣ ብቻ ከእኔ አርቀህ አለኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጸሎት መሪያችን ከሚስቱ ሸሽቶ ተቀበረ ሲባል ሰው ምን ይላል ብዬ ፈራሁ። ድንጋዩንም ለሁለት ያሠራሁት ለዚያ ነው።»

ሚልካ ለብዙ ነገር ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ ለጩኸት፣ ለእርግማን፣ አርጅታለች ጃጅታለች ለመባል። ለዚህኛው ግን አልተዘጋጀችም።

«ሺምሾን? ከእኔ?» አለች። «ምን አድርጌው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ሳቁን አልሰማችም። የሩሻ ያገባችበት ዓመት። በዚያ ዓመት ነበር እሷና እሱ ብቻቸውን በጀልባ አሊባግ የሄዱት፤ ጀልባው ላይ በርበሬና ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ማንጎ ገዝቶ ትልቁን ቁራጭ ሰጥቷታል። ይቅርታ መጠየቁ ይሆን እንዴ ብላ ነበር። ለማንም አልነገረችም እንጂ ከእሱ ጋር ከኖረችው ዘመን ሁሉ ያችን ቀን ብቻ ለይታ አስቀምጣ ነበር። ያችንም አሁን ወሰዱባት። በጣም አመማት።

«ያለውን እንዳለ ንገረኝ» አለች።

«ይቅርብዎ፣ ቫሂኒ።»

«ንገረኝ አልኩህ።»

«እናቷ ከሞተች ወዲህ ‹ምግብ ቀርቧል› ከሚል በቀር ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም፤ ይኼንን ዝምታ መሬት ውስጥም ላዳምጠው ነው? እዚያ እንኳን ወፍ ልስማ። ይኼን ነው ያለኝ።»

ነሂምያ ጉሮሮውን ጠረገ። የተጠራው ስለ አብርሃም ዋሻ እንዲያወራ እንጂ ለዚህ አልነበረም። «እንግዲህ» አለ፣ «ሁለቱም ወገን ከተናገሩ ነገሩ ግልጽ ነው። ቢለያዩ ይሻላል። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው።»

«አበቃ» አለ አብኔር፣ ትከሻው ወርዶ። «ድንጋዩን አስነሣለሁ። አጥሩ ጋ የሚሆን ቦታ—»

«አታስነሣም» አለች ሚልካ።

«ምን አሉ?»

«አይነሣም። እኔም እዚያው፣ ከጎኑ ነኝ።»

«ቫሂኒ፣ አሁን እኮ በሰው ፊት ጠላቴ ነው ብለው…»

«ነዋ። ጠላቴ ነው። ግን ዝም ስለው የሚሰማ አይመስለኝም ነበር። ከሰማ ደግሞ የምነግረው አለኝ፣ ከእናቴ ጀምሬ። እዚያ በሩን ዝጊ ብሎኝ አይወጣም።»

«ሕጉ ግን፣ አክስቴ…» አለ ነሂምያ።

«ሕጉን ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ዕረፍት አያገኙም ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«አያግኛ።»

ነሂምያ ተቀመጠ። ዲናባይ ይህቺን አጋጣሚ ሳታስመልጥ፣ «በቃ ጥያቄው ተመልሷል፤ ክፈቱት» ብላ አወጀችና ወደ ወጣቱ ጎንበስ አለች። «ከበላህ በኋላ አንዴ ላናግርህ። የእኔም ባል ቢሆን ያን ያህል ወዳጄ አልነበረም።»

ክዳኖቹ ተነሡ። ሰዉ ሳህን ሳህኑን አነሣ፤ መሐረቡም አፍ መጥረጊያ ሆነ። አብላይዋ ናትና ለሚልካ ቀድመው አወጡላት፣ ከዓሣውም መሐሉን። ሳህኗን ይዛ አብኔር አጠገብ ቆመች። እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። አንድ ጉርሻ ጎርሳ ረጅም ጊዜ አላመጠች።

«እርግጠኛ ነህ፣ ወፍ ነው ያለው?»

«ወፍ ነው ያለው።»

ሚልካ ሩዙን በጣቷ ወዲያ ወዲህ አደረገችው።

«ወፍ እንደሚወድ አላውቅም ነበር» አለች።